«አጠብኩት» እንጂ «አጥበዋለሁ» አላልኩም

«ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ሺፍት ስንቀያየር ለነርሷ የምሰጠው ሪፖርት ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት ግሥ ላይ ኢ እና ዲ ሲጨመር «ድ» ማለት ነው። ስለዚህ «ዋሽድ»፣ «ሄልፕድ»፣ «ዎክድ» እላለሁ። አንዲት ባልደረባዬ ስትስቅብኝ ጊዜ መጨረሻውን ጨርሶ ተውኩት። አሁን ደግሞ ነርሷ ‹አጥበሽዋል ወይስ ልታጥቢው ነው?› እያለች ትጠይቀኛለች። አሜሪካኖቹን ሳዳምጥ እነሱም ጭራሽ የሚሉት አይመስለኝም። መቼ ነው ት፣ መቼ ነው ድ፣ መቼ ነው ኢድ የሚባለው? የአክሰንት ትምህርት ከፍዬ ልማር ወይስ በራሴ ይሆናል?»

እህታችን፣ ነርሷ ደጋግማ የምትጠይቅሽ እውነት ስላልገባት ነውና አትቀየሚያት። በአማርኛ «አጠብኩት» ብለሽ የመጨረሻዋን «ት» ብትውጫት «አጠብኩ» ይቀራል፤ ማን እንደታጠበ ይጠፋል። አንዲት ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሰውየውን የተሸከመችው ግን እሷ ናት። በእንግሊዝኛ ደግሞ ይህችው ትንሽ ድምፅ የምትሸከመው ጊዜውን ነው። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር ያለበት ታማሚ «ተርን» ተብሎ ሲነገርላት ነርሷ ተገላብጧል ትበል ወይስ ይገላበጥ? ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰውየው ቆዳ መቁሰልና አለመቁሰል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጨረሻውን ጨርሶ መተው ከቀድሞው ስህተት የባሰ ነው። መልሺው፤ አመላለሱን ግን እናስተካክለው።

በመጀመሪያ የትኛው ስህተት እንደሚጎዳሽ ለይተሽ እወቂ። «ት» ማለት ሲገባሽ «ድ» ብትዪ ብዙ ጊዜ ሰሚው ያልፈዋል። የሚያደናግረው አንድ ምት የሆነውን ቃል ሁለት ምት ማድረግሽ ነው። «ዎክት» አንድ ጊዜ ብቻ የሚጨበጨብለት ቃል ነው። አንቺ የምትዪው «ዎ-ክድ» ግን ሁለት ጭብጨባ ይወስዳል። «ዋሽ-እድ» ስትዪም ሰሚዋ «ዋሽ ኢት» ብላ ልትሰማሽ ትችላለች፤ ያ ደግሞ «እጠቢው» ማለት ነው። ሠርቼዋለሁ ያልሽው ሥራ ትእዛዝ ሆኖ ተሰማ ማለት ነው።

ይህች ትርፍ «እ» ከየት መጣች? ከፊደላችንም ከአፋችንም። በፊደላችን የምንጽፋት ሳድስ ሁለት ጠባይ አላት፤ አንዳንዴ በውስጧ ትንሽ «እ» ትይዛለች፣ አንዳንዴ ባዶዋን ትቀራለች። «ልብስ» በይ። «ል» ውስጥ «እ» አለች፣ «ብ» ውስጥ የለችም፤ ስንጽፋቸው ግን ሁለቱም ሳድስ ናቸው። «ዋሽድ» ብለሽ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ «ሽ» የትኛዋ ሳድስ እንደሆነች ጽሑፉ አይነግርሽም።

አፍሽ ግን የራሱ ምክንያት አለው። ማንቁርትሽ ላይ ሁለት ጣት አስቀምጪና «ዝዝዝ» በይ፤ ይርገበገባል። «ስስስ» በይ፤ ጸጥ ይላል። «ሽ» ከጸጥተኞቹ ወገን ነው፣ «ድ» ከሚርገበገቡት። ጸጥ ካለው ወደሚርገበገበው በአንድ ትንፋሽ መዝለል ስለሚከብድ አፍሽ መካከል ላይ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩም ያቺ «እ» ናት። «ድ»ን በ«ት» ስትተኪያት ግን ሁለቱም ጸጥተኞች ይሆናሉ፣ ድልድይ አያስፈልግም። «ዋሽት»። ትርፏ ምት በራሷ ትወድቃለች። «ዋሽድ» በይ ያሉሽ አስተማሪዎች ሳያውቁት የማይቻል ነገር እንድትሠሪ አዘውሽ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ ይኸው ነው። የግሡ የመጨረሻ ድምፅ ከጸጥተኞቹ አንዱ ከሆነ፣ ማለትም ፕ፣ ክ፣ ፍ፣ ስ፣ ሽ ወይም ች ከሆነ፣ ጭራው «ት» ይሆናል፦ ሄልፕት፣ ቼክት፣ ኮፍት፣ ድሬስት፣ ዋሽት፣ ዋችት። የመጨረሻው ድምፅ የሚርገበገብ ከሆነ ጭራው «ድ» ነው፤ አናባቢዎች በሙሉ እዚህ ይገባሉ፣ ብ፣ ግ፣ ቭ፣ ዝ፣ ጅ፣ ም፣ ን፣ ል፣ ርም እንዲሁ፦ ክሊንድ፣ ኮልድ፣ ተርንድ፣ ሙቭድ፣ ቼንጅድ፣ ስቴይድ። በእነዚህ በሁለቱ ወገኖች አዲስ ምት አይጨመርም፤ ግሡ አንድ ጭብጨባ ከነበረ አንድ ሆኖ ይቀራል። ግሡ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካለቀ ብቻ ተጨማሪ ምት ይመጣል፣ ምክንያቱም «ት» ላይ ሌላ «ት» ብትደርቢ ማንም አይሰማውም፦ አሲስቲድ፣ ቻርቲድ፣ ሪፖርቲድ፣ ቮሚቲድ፣ ኒዲድ። እነዚህን ስትጽፊ ሁልጊዜ በሣልስ ጻፊ፤ «ኒዲድ» እንጂ «ኒድድ» አትበይ። ሣልስ ካየሽ አጨብጭቢ፣ ሳድስ ካየሽ ዝለዪ።

ደስ የሚለው ነገር አፍሽ እነዚህን መጨረሻዎች አብዛኞቹን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሲላቸው መኖሩ ነው። «ሚስት» በይ። የእንግሊዝኛው «አመለጠኝ፣ ሳተኝ» የሚለው ቃል አነጋገሩ ይኸው ነው፤ «ሚ»ን ትንሽ ማሳጠር ብቻ ነው የሚቀርሽ። «ሚስት» ስትዪ «ሚስ-እት» ብለሽ አታውቂም። «ድሬስት»ንም በዚያው አፍ በይው። «ክፍት» ካልሽ «ኮፍት» እጅሽ ላይ ነው። «መልእክት» መጨረሻው ላይ «ክት» አለው፤ «ቼክት» እና «ዎክት» ከሱ አይለዩም። በ«ድ» በኩል ደግሞ «ወንድ» ለ«ክሊንድ»፣ «ወልድ» ለ«ኮልድ»፣ «ዓምድ» ለ«ሲምድ»፣ «እብድ» ለ«ግራብድ»፣ «ፍርድ» ለ«ትራንስፈርድ» መለማመጃ ይሆኑሻል። የአማርኛውን ሦስት ጊዜ በይና ሳታቋርጪ ወደ እንግሊዝኛው ግቢ፦ ወልድ፣ ወልድ፣ ወልድ፣ ኮልድ። አፍሽ ያንኑ እንቅስቃሴ ይዞ ይሻገራል። አማርኛ ውስጥ ወዲያው ምሳሌ የማይገኝላቸው ፕት፣ ሽት፣ ችት፣ ዝድ፣ ጅድ እና ቭድ ናቸው። ልምምድሽን የምታጠፊባቸው እነዚህ ላይ ነው።

ከነሱ አንዱን ቀርበን እንየው። «ሄልፕት» መጨረሻው ላይ ል፣ ፕ፣ ት ተደርድረዋል። ስህተቱ የሚፈጠረው «ፕ» ላይ ከንፈርሽን ቶሎ ስትከፍቺ ነው። ከንፈርሽ ተከፍቶ ምላስሽ ገና የ«ት» ቦታ ካልደረሰ መካከል ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ በዚያ ቀዳዳ «እ» ትገባለች። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦ «ሄል» ብለሽ ከንፈርሽን ግጠሚ፣ ያዢው። ከንፈርሽ እንደተገጠመ የምላስሽን ጫፍ ከላይኛው ጥርስሽ ጀርባ ካለው ድድ ጋር አስነኪ። አሁን ሁለት ቦታ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ብቻ ከንፈርሽን ክፈቺ፤ ድምፅ አይወጣም፣ ምክንያቱም ምላስሽ አሁንም ዘግቷል። በመጨረሻ ምላስሽን ልቀቂ። የሚሰማው አንድ ፍንዳታ ብቻ ነው፣ ሁለት አይደለም። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብለሽ፣ ከዚያ እያፈጠንሽ አሥር ጊዜ ድገሚው። «ቼክት»ም መርሁ ያው ነው፤ የምላስሽ ጀርባ ከ«ክ» ሳይነሳ ጫፉ «ት» ላይ መድረስ አለበት። «ዋችት»ን ስታጠኚ ግን «ች» ራሷ ነፋስ የምታወጣ ስለሆነች መያዝ አይቻልም፤ እሷን በሹክሹክታ አርዝመሽ «ዋችችች-ት» ብለሽ ጀምሪና አሳጥሪ። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ፦ የመጨረሻዋ «ት» ወደ «ጥ» እንዳትከር። አፋችን «ዎቅጥ» ማለት ይወዳል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ግን «ጥ» የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንምጣ፣ አሜሪካኖቹ የማይሉት ስለሚመስልሽ። ይላሉ፤ አንቺ የምትፈልጊያት ግን ካለችበት ሌላ ቦታ ነው። የሚቀጥለው ቃል በአናባቢ ከጀመረ ጭራዋ ከግሡ ተላቃ ከፊት ወዳለው ቃል ትዘላለች። «ሂም» እና «ኸር» ደግሞ በፈጣን ንግግር «ህ»ያቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ የሚሰማሽ «ዋሽት ሂም» ሳይሆን «ዋሽ-ቲም» ነው። «ሄልፕት ኸር» ማለት «ሄልፕ-ተር» ይሆናል፣ «ተርንድ ሂም» ደግሞ «ተርን-ዲም»፣ «ቼክት ኦን» ደግሞ «ቼክ-ቶን»። ይህ ለአንቺ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የተደራረበውን መጨረሻ ለሁለት ስለሚከፍልልሽ ከነጠላው ቃል ይልቅ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ይቀልሻል። በሪፖርትሽ ከግሡ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ «እሱን» ወይም «እሷን» የሚል ስለሚመጣ ልምምድሽን ከመጀመሪያው እንዲህ አጣምረሽ አድርጊው።

ቀጣዩ ቃል ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲጀምር ሁለቱ ይዋሃዱና ድምፁ ይጠብቃል። መጥበቅና መላላትን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «አለ» ጠብቆ ሌላ፣ ላልቶ ሌላ መሆኑን ያለ አስተማሪ ታውቂዋለሽ። «ዎክት ቱ» የሚባለው ሁለት ጊዜ «ት» ተብሎ አይደለም፤ «ዎክ-ቱ» ሆኖ «ቱ» በጠበቀ «ት» ይባላል። በሁለት ተነባቢዎች መካከል የተያዘች «ት» ግን እውነትም ትዋጣለች፤ «ሄልፕት ሚ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «ሄልፕ ሚ» ነው የሚሰማሽ። አንቺ እንዲህ እንድትውጪ አንመክርሽም። እነሱ የዋጡትን ሰሚው ከሌላው አነጋገራቸው ይሞላዋል፣ ለአንቺ ግን ገና ያንን አያደርግልሽም። እንዲህ ባለው ቦታ ሰዓቱን ጨምሪ፤ «አት ናይን» ካልሽ ጭራዋ ብትደክምም ጊዜው አይጠፋም። አሜሪካኖች «ዋንቲድ»ን «ዋኒድ»፣ «ዌይቲድ»ን ደግሞ መካከሉ ላይ ከኛ የላላ «ር» ጋር በሚቀራረብ ድምፅ እንደሚሉትም ልብ በይ። ስትሰሚው እንዳትደናገጪ ነው እንጂ ግዴታ የለብሽም።

የፊደሉ አጻጻፍ ሊያታልልሽ የሚችልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሕጉ በጆሮ እንጂ በዓይን አይሠራም። «ኮፍት» ሲጻፍ በጂ እና በኤች ነው የሚያልቀው፣ አፍ ላይ ግን «ፍ» ነው። «ሪፊዩዝድ» በኤስ ይጻፋል፤ ድምፁ «ዝ» ስለሆነ ጭራው «ድ» ነው። የደም ግፊት ጨመረ ስትዪ ግን «ኢንክሪስት» ነው፣ እዚያ ኤሱ እውነተኛ «ስ» ነውና። «ዩዝድ» ማለት «ተጠቀምኩ» ሲሆን «ድሮ እንዲህ አደርግ ነበር» ለማለት የሚገባው ያው ቃል «ዩስ-ቱ» ይሆናል። «ኤምፕቲድ»ም ያሳስታል፤ መጨረሻው «ቲድ» ስለሆነ ምት የተጨመረበት ይመስላል። ግሡ «ኤምፕቲ» ግን ከመጀመሪያውም ሁለት ጭብጨባ ነበር፤ ሁለት ሆኖ ቀረ። ይህን የኢ እና የዲ ጭራ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ፣ በሥራሽ በየቀኑ የሚገጥሙሽ፦ አበላሁት «ፌድ»፣ ወደቀ «ፌል»፣ ተኛ «ስሌፕት»፣ አስቀመጥኩ «ፑት»። ታማሚ ወድቆ ሪፖርት ስታደርጊ «ፎልድ» ብትዪ ልብስ ማጠፍ ይሆናል፤ «ሂ ፌል» ብቻ በይ።

ጥቂት ቅጽሎች ደግሞ ከሕጉ ውጪ ናቸው፤ ግሥ ስላልሆኑ የጥንቱን «ኢድ» እንደያዙ ቀርተዋል፦ ኔይኪድ፣ ዊኪድ፣ ክሩኪድ፣ ራጊድ። «ብሌስት» እንደ ግሥ አንድ ምት ሲሆን በጸሎት ላይ «ብሌሲድ» ሲባል ትሰሚዋለሽ። ድሮ ሁሉም እንዲህ በሁለት ምት ይባሉ ነበር። አናባቢዋ እየወደቀች ስትሄድ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ከራሳቸው መካከል ያልወደዱት ነበሩ፤ ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1712 እ.ኤ.አ. ተነባቢዎቹ ያለ አናባቢ መገጣጠማቸው ጆሮ ያቆስላል ብሎ አማሯል። የአንቺ ጆሮ የተቃወመው እሱም የተቃወመውን ነው።

ልምምዱን በዚህ መልክ ያዢው። በሪፖርት ላይ ዘወትር የምትጠቀሚባቸውን 12 ግሦች ብቻ ምረጪ። ወረቀት ላይ በሦስት ክፈያቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን የጭብጨባውን ቁጥር ጻፊ። በመጀመሪያው ሳምንት «ት» የሚወስዱትን ብቻ አጥኚ፣ ትርፏ «እ» የምትበረታው እነሱ ላይ ነውና። በቀን 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አድርገሽ ሦስት ቀን ከመተው ይሻላል። ጣትሽን ጠረጴዛ ላይ እየመታሽ በይ፤ «ዋሽት» ብለሽ ጣትሽ ሁለት ጊዜ ከወረደ ተሳስተሻል። ከዚያ «ዋሽ-ቲም» ብለሽ ከኋላ ወደፊት ገንቢው፦ ቲም፣ ሽ-ቲም፣ ዋሽ-ቲም፣ አይ ዋሽ-ቲም። በስልክሽ ቅጂ፣ ግን ወዲያው አታዳምጪው። እየተናገርሽ ሳለሽ ጆሮሽ ለአፍሽ ያደላል፤ ማታ የቀዳሽውን ጠዋት ስታዳምጪ እንደ ሌላ ሰው ትሰሚዋለሽ። የስልኩን የድምፅ መጻፊያም መጠቀም ትችያለሽ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልሽለት ግን ከዐውዱ ገምቶ ስህተትሽን ስለሚያርምልሽ ነጠላ ቃል ብቻ በይለት። «ዋሽት» ብለሽው ጭራውን አብሮ ከጻፈ ተሰምቷል። በሁለተኛው ሳምንት «ድ»ን ጨምሪ። እዚያ ላይ «ድ»ን ከመጫን ይልቅ ከእሷ በፊት ያለውን አናባቢ አርዝሚ። «ሬይስት» (ተሽቀዳደመ) እና «ሬይዝድ» (ከፍ አደረገ) የሚለዩት አንዱ ምክንያት የሁለተኛው «ሬይ» ረዘም ማለቱ ነው፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ የምትገኘው «ድ» አሜሪካኖቹ አፍ ላይም ደካማ ናት።

የአክሰንት ትምህርቱን በተመለከተ፣ ለዚህ ብቻ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። የቸገረሽ የአንድ ጭራ ልማድ ነው፣ አክሰንትሽ ደግሞ ማንንም አላደናገረም። ገንዘቡ ካለሽ ይልቅ ከአንዲት ታጋሽ ባልደረባ ጋር ተስማሚና ሪፖርትሽን ከነርሷ በፊት ለሷ አንብቢላት፤ እንድታርምሽ ሳይሆን ስንት ጊዜ «ተሠርቷል» ብላ እንደሰማች በጣቷ እንድትቆጥር። ለመጀመሪያው ቀን ይህችን ውሰጂ፣ ስድስት ጣት መቆጠር አለበት፦

አይ ዋሽ-ቲም አት ናይን። አይ ቼንጅ-ዲም አንድ ተርን-ዲም። ሂ ዎክ-ቱ ዘ ባዝሩም። ሂ ሪፊዩዝድ ላንች አት ትዌልቭ። ሂ ቮሚቲድ ዋንስ።